ሃይድሮጅን አውቶቡስ ለደሴ–ኮምቦልቻ መስመር ያዋጣል ወይ?

ጦሳ_ስር
ሰላም ጀማዓ። ሰሞኑን ስለ ሃይድሮጅን አውቶቡስ ብዙ እያነበብኩ ነው፣ እዚህ የምታውቁ ሰዎች ስላላችሁ ላንሳው ብዬ ነው። ናፍጣ አይጠጣም፣ ጭስ የለውም፣ ጣሪያው ላይ በተሸከመው ጋዝ ራሱ መብራት እያመነጨ ይሄዳል፣ ከኋላው የሚወጣው እንፋሎትና ውሃ ብቻ ነው። እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ነገሩን የማየው ከሳንባ በኩል ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ጎድጓዳ ቦታ ላይ እንደተቀመጠች ታውቃላችሁ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ብርዱ ሲጫን ጭሱ ወደላይ አይወጣም፣ እዛው ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ተኝቶ ይቆያል፣ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልክ በዛ ሰዓት ነው። የከሰልና የማገዶ ጭስም አለበት አልክድም፣ ግን ዳገት ላይ ማርሽ ቀይሮ ጥቁር የሚተፋ አሮጌ ቅጥቅጥ ኋላ የቆመ ሰው የሚስበው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስ ሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ አንደኛው ምድብ ውስጥ የከተተው በ2012 ነው፣ በፈረንጆቹ።
እና የደሴ–ኮምቦልቻን መስመር በነዚህ መቀየር ለምን አይቻልም? መብራታችን ከውሃ ነው፣ ግድቡም ተመርቋል፣ ናፍጣውን ግን ሊትር በሊትር በዶላር ገዝተን ከጅቡቲ በቦቴ ነው የምናመጣው። በቅንነት ነው የምጠይቀው፣ ምን ይጎድለናል?

ቦሩሜዳ_ሰው
ወንድሜ ሀሳብህ ጥሩ ነው አላህ ይስጥህ፣ ግን መጀመሪያ መብራቱ ሳይቆራረጥ ይምጣ። ግድቡ ማመንጨቱና ሰፈሬ ያለው ትራንስፎርመር መቻሉ ሁለት ነገር ነው። መስመሩ አርጅቷል፣ ዝናብ ሲጥል ይጠፋል፣ ንፋስ ሲነፍስ ይጠፋል። ሃይድሮጅን ደግሞ ከውሃ ለመለየት ብዙ መብራት ይፈልጋል ሲሉ ነው የምሰማው።
ናፍጣው ላይ ግን እስማማለሁ። ማደያ ላይ ሌሊት ተሰልፎ ያደረ ሹፌር ጠዋት ሰው ጭኖ ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ማሰብ ራሱ ያስፈራል።

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኬሚካል ምህንድስና ነኝ፣ እስቲ አሠራሩን በቀላሉ ልሞክር። ፊውል ሴል ማለት አውቶቡሱ ላይ ሃይድሮጅኑን ወደ መብራት የሚቀይረው መሣሪያ ነው፣ ምንም የሚቃጠል ነገር የለበትም። በአንድ በኩል ሃይድሮጅን ይገባል፣ በሌላው በኩል ከውጭ የተሳበ አየር ይገባል፣ መሀል ላይ ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን አለ፣ ላዩ ላይ ፕላቲነም የተቀባ። ፕላቲነሙ ሃይድሮጅኑን ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አድርጎ ይለየዋል፣ ሜምብሬኑ ፕሮቶኑን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ መሄድ አለበት፣ ያ በሽቦ የሚዞረው ነው ሞተሩን የሚነዳው መብራት። ወዲያ ማዶ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ኪሎ ገደማ ውሃ ይወጣዋል፣ አንድ ትልቅ አውቶቡስ በ100 ኪሎሜትር 8 ኪሎ ቢጠቀም መንገድ ላይ ከ70 ሊትር በላይ ውሃ ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው።
ጋዙ በአውቶቡስ ላይ የሚታመቀው በ350 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ የቤት መኪናዎቹ 700 ባር ነው። ለመሙላት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፣ ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው።
አሁን ወደ ቦሩሜዳ_ሰው ጥያቄ፣ ትክክል ብለሃል። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣትና ለማመቅ ወደ 55 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። ያ 1 ኪሎ በውስጡ የያዘው ጉልበት 33 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፊውል ሴሉ ደግሞ የዛን ግማሽ ያህሉን ነው ወደ መብራት የሚመልሰው፣ ግማሹ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። 55 ሰጥተህ ጎማው ጋ የሚደርሰው 16 እና 17 ነው።

ኡሙ_ሀያት
እህትና ወንድሞች እኔ ቴክኒኩ አይገባኝም፣ የኔ ጥያቄ አንድ ነው፣ ይሄ ነገር አይፈነዳም ወይ? ጣሪያ ላይ ጋዝ ታምቆ እኔ ልጆቼን ይዤ ከስሩ ልቀመጥ? የቤት ሲሊንደር እንኳን ስንቱን ቤት አቃጥሏል። ታሪፉስ ስንት ሊሆን ነው፣ አሁን ያለውንም መክፈል ከብዶናል።

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ኡሙ ሀያት ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ አይፈነዳም ብዬ አልዋሽሽም። ሃይድሮጅን ከአየር 14 ጊዜ ገደማ ይቀላል፣ ሲያፈስ ወደ ሰማይ ነው የሚሮጠው፣ ቤት ያለው የሲሊንደር ጋዝ ግን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል። ታንኩ ጣሪያ ላይ የሚሆነውም ለዚህ ነው፣ የሚሠራውም ከካርቦን ፋይበር ነው፣ በጥይትና በእሳት ሳይቀር ይፈተናል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ካፈሰሰ ጣሪያው ስር ይጠራቀማል፣ ስለዚህ ጋራዡ ጣሪያው ላይ መተንፈሻና ጋዝ የሚያሸት ሴንሰር ሊኖረው ግድ ነው። ሁለተኛ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ኖርዌይ ውስጥ ኦስሎ አጠገብ ሳንድቪካ የሚባል ቦታ በፈረንጆቹ 2019 መሙያ ጣቢያ ፈንድቷል፣ ምክንያቱ የታንኩ መዝጊያ ላይ ያሉ ብሎኖች በትክክል ባለመታሰራቸው ነው። ኖርዌይ ላይ ብሎን ሳይጠብቅ የሚቀር ከሆነ እኛ ጋ ጣቢያውን ማን እንደሚይዘው በደንብ ማሰብ አለብን።

ዲዛይል_መካኒክ
እኔ ዕድሜዬን ከናፍጣ ሞተር ጋር ነው የጨረስኩት። ጥቁር ጭስ ዝም ብሎ አይመጣም ልጆች፣ ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል ይበላሻል፣ ፓምፑ ይዛባል፣ ፊልትሮ በጊዜው አይቀየርም፣ ከዛ ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ የባህር ወለል ላይ ካለው አየር ሦስት አራተኛው ነው ያለን፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥልበት አየር ያጣል፣ ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በትንሽ ወጪ ብዙውን መቀነስ ይቻላል፣ ባለንብረቱ ግን መኪናው እስከሄደ ድረስ አያስነካም። ይሄን የምለው አዲሱን ለመቃወም አይደለም፣ አዲሱ እስኪመጣ የልጆቹ ሳንባ አይጠብቅም ለማለት ነው።
እና አንተ ኬሚካል፣ ይሄ ፊውል ሴል ያልከው አየር ይስባል ብለሃል፣ እሱስ ደሴ ላይ አያፍነውም?

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ጋሼ በትክክል ነው የያዙት። ያፍነዋል። ኮምፕረሰር አለው፣ አየሩን አምቆ ነው የሚያስገባው፣ ከፍታ ላይ ያ ኮምፕረሰር የበለጠ መሥራት አለበት፣ የሚሠራው ደግሞ ራሱ ፊውል ሴሉ ባመነጨው መብራት ነው፣ ስለዚህ የሚተርፈው ጉልበት ይቀንሳል። አይሠራም ማለት አይደለም፣ በቤይጂንጉ የክረምት ኦሊምፒክ በ2022 ዣንግጃኮው ተራሮች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሃይድሮጅን አውቶቡሶች ሠርተዋል። ግን ሲገዛ ለኛ ከፍታ ተብሎ መታዘዝ አለበት፣ ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ለሜዳ አገር የተጻፈ ነው። ከመስመር በተሞላ ባትሪ ብቻ የሚሄደው የባትሪ አውቶቡስ ግን አየር አይፈልግም፣ ደሴም ይሁን ቆላው ሎጊያ ለሞተሩ ጉልበት ያው ነው።

ወሎዬ_ኮሎኝ
ሰላም ወገኖቼ ከጀርመን ነኝ። እኔ ያለሁበት ከተማ ዙሪያ የሚሠራው የክልሉ አውቶቡስ ድርጅት አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ከሚባሉት የሃይድሮጅን አውቶቡስ ስምሪቶች አንዱ ነው ያለው፣ እኔም እሳፈርበታለሁ፣ ድምፁ ዝም ያለ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ደስ ይላል። ግን እንዴት እንደጀመሩ ማወቅ አለባችሁ። ኮሎኝ አጠገብ ሁርት የሚባል ቦታ ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካዎች መንደር አለ፣ እዛ ክሎሪን ሲሠራ ሃይድሮጅን በጎን ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ሊፈጅ የነበረውን ጋዝ አጠገቡ ጣቢያ ሠርተው ለአውቶቡስ አደረጉት። ጋዙ እጃቸው ላይ ነበር ማለት ነው።
ካናዳ ውስጥ ዊስለር የሚባል ተራራማ ከተማ ደግሞ ለ2010 የክረምት ኦሊምፒክ 20 የሃይድሮጅን አውቶቡስ ተገዛለት፣ ጋዙ የሚመጣው ከኬቤክ በጭነት መኪና ነበር፣ ካናዳን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ማለት ነው፣ በ2014 ተውት ወደ ናፍጣ ተመለሱ። ፈረንሳይ ሞንፔሊዬ 51 የሃይድሮጅን አውቶቡስ ልትገዛ ጨርሳ በ2022 ሰረዘችው፣ ሲያሰሉት የሃይድሮጅኑ የኪሎሜትር ወጪ ከባትሪው ስድስት እጥፍ ሆኖባቸው ነው።
ስለዚህ አውቶቡሱን ከማየታችን በፊት ጋዙ ከየት ይመጣል ብለን እንጠይቅ። ዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጅን ከ95 በመቶ በላይ ከተፈጥሮ ጋዝ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው፣ ያንን ገዝተህ አመጣህ ማለት ጭሱን ሌላ አገር ለቀህ መጣህ ማለት ነው።

ጦሳ_ስር
ለሁላችሁም አመሰግናለሁ በጣም። እኛ ግን ጋዙን ከሌላ አገር እናምጣ አላልኩም፣ ኮምቦልቻ ላይ በራሳችን መብራት ከውሃ እናውጣው ነው። ውሃውስ ያንሳል?

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ውሃው አያሳስብም። 10 አውቶቡስ በቀን 25 25 ኪሎ ቢሞሉ 250 ኪሎ ነው፣ ለማጣራት የሚደፋውንም ጨምረህ ከ4 እስከ 5 ሺህ ሊትር ቢሆን ነው፣ አንዲት ትንሽ የውሃ ቦቴ ማለት ነው። መብራቱ ግን በቀን ወደ 13,750 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እሱ ነው የሚከብደው።

የሐረጎ_ሹፌር
እኔ ይሄን መስመር የምሠራ ሹፌር ነኝ፣ ሁላችሁም ስለ ዳገቱ ነው የምታወሩት፣ ቁልቁለቱን ያነሳ ሰው የለም። ሐረጎን ስትወርድ ያለው ጭንቀት ሌላ ነው። በፍሬን ብቻ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዛ ፔዳሉን ብትረግጠው አይዝልህም፣ ስንት ሰው ያለቀበት መንገድ ነው። ስለዚህ በከባድ ማርሽና በሞተር ብሬክ ነው የምንወርደው፣ እሱም ቢሆን ሙሉ ጭነህ ሲሆን ልብህ ተንጠልጥሎ ነው። እነዚህ የኤሌክትሪክ ናቸው የምትሏቸው ማርሽም የላቸው አሉ፣ ታዲያ በምን ይዘው ነው የሚወርዱት? ይሄን የሚመልስልኝ ካለ።

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ወንድሜ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ያንተ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ መብራት እያመነጨ ጎማውን ይይዘዋል፣ ያ መብራት ባትሪ ውስጥ ይገባል። ፍሬኑን ሳትነካ ትወርዳለህ፣ ሸራውም አይግልም።
ኮምቦልቻና ደሴ መሀል የከፍታ ልዩነቱ 600 ሜትር ገደማ ነው። ሰው የጫነ 15 ቶን አውቶቡስ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ስታሰላው ወደ 25 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ከዛ ላይ ከመንገዱ ሰበቃና ከንፋሱ የተረፈውን ነው የምትይዘው፣ 15 እንኳን ቢገባልህ በነፃ ያገኘኸው ነው።
ከጥያቄህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ጋ ነው። ባትሪው ከሞላስ? መብራቱ የሚገባበት ያጣል፣ ያኔ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፣ አንተም ወደ ፍሬን ትመለሳለህ፣ ሐረጎ መሀል ላይ። ጥሩ አውቶቡስ ትርፉን መብራት ሙቀት አድርጎ የሚጥል ሬዚስተር ወይም ለብቻው ሪታርደር፣ ማለት ያለ ሸራ መኪናውን የሚይዝ ተጨማሪ ብሬክ፣ አለው፣ ስንገዛ ይሄ የግድ ነው ብለን መጻፍ አለብን። የሃይድሮጅን አውቶቡስም ባትሪ አለው፣ ግን ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ 30 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ፣ ግማሽ ሞልቶ ከደሴ ከተነሳ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ሊሞላ ይችላል። የባትሪ አውቶቡስ 300 ስለሚይዝ ቦታ አያጣም።

የሐረጎ_ሹፌር
እንግዲህ እንደሱ ከሆነ እኔ ባትሪውን ነው የምመርጠው፣ ወላሂ ለፍሬኑ ብቻ ብዬ። ሌላው ሁሉ ቢቀር።

ቦሩሜዳ_ሰው
ቆይ ግን አንድ ነገር ልከራከር። የመብራቱን መጥፋት ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሃይድሮጅን እኮ ለዚህ ጥሩ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት፣ ሌሊት ፋብሪካው ሁሉ በቆመበት ሰዓት አምርተህ ታንክ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ ሁለት ቀን መብራት ቢጠፋ አውቶቡሱ አይቆምም። ባትሪው ግን መብራት ከጠፋ ስልክ ቻርጅ እንደማድረግ ነው፣ ጠዋት ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ክርክርህ ጠንካራ ነው፣ የሃይድሮጅን ደጋፊዎች ትልቁ ነጥብም ይሄ ነው። ግን ቁጥሩን እንየው። ለአንድ አውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ ዳገቱንም ከቁልቁለት የሚመለሰውንም አስቤ፣ ጎማው ጋ ወደ 70 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በባትሪ ከሆነ ከመስመሩ የምትወስደው ወደ 80 ነው። በሃይድሮጅን ከሆነ 4 ኪሎ ትንሽ ፈቅ ያለ ጋዝ ነው፣ ያንን ለማምረት ደግሞ ከ230 በላይ። ሦስት እጥፍ ነው። አንተው ራስህ ትራንስፎርመሩ አይችልም ያልከው መስመር ላይ ሦስት እጥፍ ጭነት ልትጨምር ነው። የሃይድሮጅን ማምረቻውን በምትገዛበት ብር ጣቢያው ላይ የቆመ ትልቅ ባትሪ ገዝተህ ሌሊት ብትሞላው መብራት ሲጠፋ ከሱ ትቀዳለህ። መኪናውም ሃይድሮጅኑ ከናፍጣው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው ዋጋው።

ወልድያ_ልጅ
ሁላችሁም 25 ኪሎሜትር ላይ ነው የተሟገታችሁት። የኛስ? ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎሜትር ነው፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400፣ መሀል ላይ የጣርማ በር ዳገት አለ። ሌሊት ተነስቶ ማታ የሚገባ አውቶቡስ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ቻርጅ ሊያደርግ አይችልም፣ ሰው አይጠብቅም። እዚህ ጋ ሃይድሮጅን ቦታ ያለው ይመስለኛል፣ ደሴ ላይ ሞልተህ ደብረ ብርሃን ላይ በሩብ ሰዓት ጨምረህ ትገባለህ።
የባቡሩን ነገር ደግሞ ማንም አላነሳም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሀዲድ እኮ የኤሌክትሪክ ነው፣ 390 ኪሎሜትር ገደማ፣ ቱርኮቹ ሠርተውት ሰው ሳይጭን ጦርነቱ መጣበት። እሱ ቢጠገን የረጅሙ መንገድ ጥያቄ ግማሹ ያልቃል፣ ሃይድሮጅንም ባትሪም አያስፈልገው፣ ሽቦው ከላይ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ወሎዬ_ኮሎኝ
ወልድያ የባቡሩን ነገር ልክ ብለሃል። ረጅሙን መንገድ በተመለከተ እኔም ካንተ ጋር ነኝ፣ ሃይድሮጅን ቦታ ካለው እዛ ነው። ግን ባትሪውም በየዓመቱ እየተሻሻለ ነው፣ አሁን አውሮፓ ላይ በአንድ ሙሌት 500 ኪሎሜትር የሚሄዱ ከባድ ጭነት መኪናዎች አሉ። ለዚህ መስመር ዛሬ ወስኖ ገንዘብ ከማፍሰስ ጥቂት ዓመት መታገስ አይከፋም።

ወልድያ_ልጅ
መታገሱን ለምደነዋል፣ ግን ከመኪና ማስገባቱ ክልከላ በኋላ እኮ ናፍጣ አውቶቡስ ሲያረጅ የሚተካው ምን እንደሆነ ካሁኑ መታወቅ አለበት። መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ያለው በኛው አቆጣጠር በ2016 ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሥራ ጀምሯል፣ ወሎ ላይ ግን አንድም ሰው ቁጭ ብሎ ያሰበበት አይመስለኝም።

ዲዛይል_መካኒክ
ስለ ጥገናው ልጠይቅ። ሁለቱ፣ ባትሪውና ሃይድሮጅኑ፣ ለመካኒክ ምን ያህል ይለያያሉ? እኔ ጋ የሚማሩ ልጆች አሉ፣ ምን አስተምራቸው?

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ጋሼ ሞተሩ አንድ ነው፣ የባትሪውን መብራት ለሞተሩ የሚያስተካክለው ኢንቨርተሩም አንድ ነው፣ ባትሪው መጠኑ እንጂ ዓይነቱ አንድ ነው፣ ልዩነቱ መብራቱ ከየት መጣ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በባትሪ አውቶቡስ የሠለጠነ ልጅ ነገ ሃይድሮጅን ቢመጣ ሦስት አራተኛውን ያውቀዋል፣ የሚቀረው ጋዙና ታንኩ ነው። መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ እነዚህ 600 ቮልትና ከዚያ በላይ ናቸው፣ ሽቦው ብርቱካናማ ነው፣ ሳይቋረጥ የነካ ሰው አይተርፍም። ከኢንስቲትዩታችን የኤሌክትሪካል ልጆች ጋር ላገናኝዎት እችላለሁ፣ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

ዲዛይል_መካኒክ
ተባረክ ልጄ፣ እጽፍልሃለሁ።

ኡሙ_ሀያት
ታሪፉን የመለሰልኝ የለም።

ጦሳ_ስር
ይቅርታ እህቴ። ካነበብኩት የገባኝን ልበልሽ፣ የባትሪው መኪና ሲገዛ ይወደዳል፣ ሲሠራ ግን መብራት ከናፍጣ ይረክሳል፣ ዘይት መቀየር የለም፣ ሸራው ቶሎ አያልቅም። ታሪፉ የሚወሰነው የመግዣውን ብር ማን ይሸከመዋል በሚለው ነው። ባለሀብቱ ብቻውን በባንክ ወለድ ከገዛው አንቺ ላይ ነው የሚጥለው፣ ስለዚህ ጽሑፍ ስናዘጋጅ ይሄ ነጥብ መግባት አለበት።
እኔ ለከተማው የሚቀርብ ሀሳብ ልጽፍ ነው። ለደሴ–ኮምቦልቻ በባትሪ ይጀመር፣ ሃይድሮጅኑ ለረጅሙ መንገድ ይጠና፣ አሮጌዎቹ ናፍጣዎች ደግሞ እስከዛ ጋሼ እንዳሉት ኖዝልና ፓምፓቸው በየጊዜው ይታይ። ቻርጅ ማድረጊያውን ግን የት ልበል? እኔ መናኸሪያው አጠገብ፣ ደሴ ላይ ነበር ያሰብኩት።

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ዋናው ኮምቦልቻ ይሁን። ደሴ ላይ ሙሉ ሞልተህ ከተነሳህ ሐረጎ የሚሰጥህን መብራት የምታስገባበት የለህም፣ ሹፌሩም ፍሬን ላይ ይወድቃል። ታች ሞልተህ ዳገቱን ተጠቅመህ ውጣ፣ ስትወርድ መልሰህ ሰብስብ። ለኢንዱስትሪ ፓርኩና ለፋብሪካዎቹ ሲባል የተዘረጋው መስመርም እዛው ኮምቦልቻ ነው ያለው።

የሐረጎ_ሹፌር
ጠዋት ሰው የሚበዛው ግን ከደሴ ወደ ታች ነው፣ ለሥራ የሚወርደው፣ ማታ ደግሞ ወደ ላይ። መኪኖቹ ማደር ያለባቸው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ካደሩ ጠዋት ባዶ መውጣት ሊኖርባቸው ነው።

ኬሚካል_ኮምቦልቻ
ደሴ ይደሩ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ጉዞ ቁልቁለት ስለሆነ የሚበላው ትንሽ ነው፣ ሐረጎ የሚመልሰው ተቀንሶ ከ10 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት። ማታ ሐረጎን ወጥቶ 30 በመቶ ይዞ የገባ ባስ ሳይሞላም ጠዋት ሰውን ያወርዳል፣ ሌሊት መብራት ቢጠፋም እንኳን ማለት ነው። ደሴ ላይ ለመጠባበቂያ አንድ ሁለት ትንንሽ ቻርጀር ይበቃል፣ ትልልቆቹን ኮምቦልቻ ተክለህ ሰው በሚቀንስበት እኩለ ቀን ላይ ትሞላለህ።

የሐረጎ_ሹፌር
እሺ ይሄ ያስኬዳል። ጦሳ_ስር ሀሳቡን ስትጽፈው ሪታርደሩን አትርሳ፣ እኔ ደግሞ በአንድ ምልልስ የምንፈጀውን ናፍጣ ከሌሎቹ ሹፌሮች ጠይቄ ነገ እዚሁ አስቀምጥልሃለሁ።